ግሉታሚን፦ ናይትሮጅን ተሸካሚው አሚኖ አሲድ

ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ሃያ አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ግሉታሚን፣ በደም ውስጥ ነጻ ሆነው ከሚዘዋወሩት መካከል በብዛቱ ቀዳሚ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኧርንስት ሹልትዘ ከባልደረባው ጋር በ1883 እ.ኤ.አ. ከቀይ ሥር ወገን ከሆነ ተክል ጭማቂ ለይቶ ቢያወጣውም፣ በእንስሳት አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚፈርስ ሃንስ ክሬብስ የገለጸው በ1935 ነበር።

አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶች አንድ የናይትሮጅን አቶም ብቻ ሲይዙ ግሉታሚን ሁለት ይይዛል፤ ሁለተኛውም በቀላሉ ይላቀቃል። አሚኖ አሲዶች ሲፈርሱ የሚወጣው አሞኒያ አንጎልን የሚመርዝ በመሆኑ፣ ጡንቻ ይህን አሞኒያ ግሉታሜት ከተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ጋር አጣምሮ፣ ለዚህም የሴል ኃይል አውጥቶ፣ ጉዳት የማያደርስ ግሉታሚን በማድረግ ወደ ደም ይለቀዋል። አጣማሪው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ሲባል አፍራሹ ግሉታሚኔዝ ይባላል።

የዚህ ጭነት ተቀባዮች ብዙ ናቸው። የትንሹ አንጀት ሽፋን ሴሎች ግሉታሚንን እንደ ዋና ማገዶ ያነዱታል፤ በፍጥነት የሚባዙ የነጭ ደም ሴሎችም ዲኤንኤ ለመሥራት ናይትሮጅኑን ይወስዳሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የኩላሊት ድርሻ ነው፤ የደም አሲድነት ሲጨምር፣ ለምሳሌ በረጅም ጾም ጊዜ፣ ኩላሊት ግሉታሚንን በብዛት እየሳበ ያፈርሳል፤ የሚወጣው አሞኒያ የአሲዱን ሃይድሮጅን ይዞ በሽንት ሲወገድ፣ አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት ደግሞ ወደ ደም ይመለሳል። በጉበት ውስጥ፣ ደም በሚገባበት በኩል ያሉ ሴሎች ግሉታሚንን አፍርሰው ናይትሮጅኑን ዩሪያ ሲያደርጉት፣ በመውጫው በኩል ያሉ ጥቂት ሴሎች ያመለጠውን አሞኒያ ይዘው መልሰው ግሉታሚን ይሠሩበታል። ጉበት በጠባሳ ሲጎዳ ይህ ጥበቃ ስለሚላላ አሞኒያ አንጎል ይደርሳል፤ ታማሚውም ግራ ይጋባል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል።

ጤናማ አካል የሚበቃውን ያህል ራሱ ስለሚሠራ ግሉታሚን የግድ ከምግብ ከሚገኙት አይቆጠርም፤ በከባድ ቃጠሎ ወይም በጽኑ ሕመም ጊዜ ግን ፍጆታው ከምርቱ ይበልጥና በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። የጎደለውን መሙላት ይበጃል የሚለው አሳማኝ ግምት፣ ከአንድ በላይ የሰውነት ክፍላቸው ሥራ ባቆመ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግሉታሚን ከተሰጣቸው መካከል ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ሰው መሞቱን አሳይቷል። በሌላ በኩል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሲክል ሴል ለተባለው የደም ሕመም፣ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች ፈቅዶታል። ጡንቻ ለማዳበር የሚሸጠው ዱቄት ግን አብዛኛው በአንጀትና በጉበት ተይዞ የሚቀር ሲሆን፣ ጡንቻም ቢሆን ከተቀባዮቹ ይልቅ የግሉታሚን ዋና አምራች ነው።