ጤነኛው ለምን ይጠየቃል?

በአንድ ቀበሌ ትውከትና ተቅማጥ ገብቷል። የጤና ሠራተኛው ደብተርና እርሳስ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ማንም አይገረምም። ሰው ሁሉ ደኅና የሆነበት ቤት ገብቶ ሲጠይቅ ግን ነገር ይመጣል። እኛም ደብተር ይዘን ስንዞር አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እኛ እኮ ደኅና ነን። የታመመው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ደኅናውን ሰው ከበሽተኛ ጋር መጻፍ ሟርት አይደለም?» አሉን። ያን ጊዜ ጥሩ መልስ አልነበረንም። «ታዘን ነው እማማ» ብለን አለፍን። እንዲህ ያለ መልስ ማንንም አያረካም። መልሱን አሁን እንስጥ።

ነገሩን በደንብ የሚያስረዳ ታሪክ በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ ተፈጽሟል። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1846 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በአውሮፓውያን 1854 ይባላል። ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ዳር አንድ የጉድጓድ ውሃ ነበር። የሰፈሩ ሰው በእጅ ፓምፕ እየሳበ ይቀዳል። ውሃው ጥሩ ነው እየተባለ ከሩቅም ይመጡለት ነበር። በነሐሴ ወር ማለቂያ ኮሌራ በሰፈሩ ላይ ወደቀ። በሦስት ቀን 127 ሰው ሞተ። በሽታው እስኪያልፍ ድረስ ከ600 በላይ ሰው አለቀ።

የዚያን ዘመን ሐኪሞች አብዛኞቹ ኮሌራ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን ውሃውን ጠረጠረ። ታዲያ ጥርጣሬ ብቻውን ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ሳምንት የተመዘገቡትን 83 ሟቾች ዝርዝር ወሰደና በየቤታቸው ሄዶ ጠየቀ። ሟቹ ውሃ የሚጠጣው ከየት ነበር? ከ83ቱ 73ቱ ቤታቸው ለዚያ ጉድጓድ የቀረበ ነበር። የቀሩት 10 ግን ለሌላ ጉድጓድ ይቀርባሉ። እነሱንስ ምን ገደላቸው? ጠየቀ። የአምስቱ ቤተሰቦች «እኛ የምናስቀዳው ከብሮድ ስትሪት ነው፤ ውሃውን እንመርጠዋለን» አሉት። ሦስቱ ደግሞ በዚያ አጠገብ የሚማሩ ልጆች ነበሩ።

አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። የሚኖሩት ከዚያ ራቅ ባለ ሐምፕስቴድ በሚባል ቦታ ነው። በዚያ ኮሌራ አልነበረም። ሴትዮዋም ብሮድ ስትሪትን ከረገጡ ወራት አልፏቸዋል። ሆኖም በኮሌራ ሞቱ። ስኖው ልጃቸውን ቢጠይቅ፣ ውሃውን ስለሚወዱት በየቀኑ በጠርሙስ በጋሪ ይላክላቸው እንደነበር ተረዳ። እንግዳ ሆና መጥታ ያንኑ ውሃ የጠጣች የእህት ወይም የወንድም ልጅም ወደ ቤቷ ተመልሳ ሞተች።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሟቾች ነው። ትልቁ ነገር ግን ያለው በደኅናዎቹ ዘንድ ነው። በዚያው ጎዳና የቢራ ፋብሪካ ነበር። ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። በዙሪያቸው ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ከእነሱ አንድም አልሞተም። አየሩ ከሆነ የገደለው፣ እነሱስ ያንኑ አየር አይተነፍሱም? ስኖው ገብቶ ጠየቀ። ለሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸዋል፤ ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድም አለው። ከብሮድ ስትሪት አይቀዱም። (ይህን ያነበበ ጠላ ወዳጅ ደስ እንዳይለው። ጠላ ጥሬ ውሃ ስለሚጨመርበት ለኮሌራ መድኃኒት አይሆንም።) እዚያው አጠገብ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድሆች መጠለያ ነበር። የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ይህም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ስኖው ለሰፈሩ ሹማምንት ይህን ነገራቸው። በሽታው በገባ በዘጠነኛው ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰው ሰፈሩን ጥሎ ስለሸሸ በሽታው ቀድሞም መቀነስ ጀምሮ ነበር።

የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ መጀመሪያ ስኖውን አላመኑትም። ሊያፈርሱበት ብለው እሳቸውም ጥየቃ ጀመሩ። ምእመናኖቻቸውን በየቤቱ ያውቃሉ፤ ደግመው ደጋግመው ጠየቁ። በመጨረሻ እሳቸውም አመኑ። ከሁሉም በፊት ተቅማጥ የያዛት አንዲት ሕፃን እንደነበረች ያገኙት እሳቸው ናቸው። እናቷ የሽንት ጨርቋን ያጠበችበትን ውሃ የምትደፋበት የቆሻሻ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። ግንቡም ፈርሶ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቀበሌ እንምጣ። እንበል 20 ሰው ታመመ። ስንጠይቅ 18ቱ ከወንዝ ጠጥተናል አሉ። ወንዙ ነው ብለን እንፍረድ? አንቸኩል። ደኅና የሆኑ 20 ሰዎችንም እንጠይቅ። ከእነሱም 18ቱ ከወንዝ የሚጠጡ ከሆነ፣ ወንዙን ብቻ መክሰስ አይቻልም። ምናልባት የሠርግ ምግብ ይሆናል፤ ሌላ ነገር እንፈልግ። ከደኅናዎቹ ከወንዝ የሚጠጡት 4 ብቻ ከሆኑ ግን ወንዙ በጣም ይጠረጠራል። ዳኛ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ጎጥ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፣ የታመመም ከሆነ ሕመሙ የጀመረበት ቀን። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። «ሰሞኑን» የሚል መልስ ለደብተር አይሆንም። ኮሌራ ወደ ሆድ ከገባ በኋላ ሰውየውን የሚጥለው ከጥቂት ሰዓት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቀኑ ከታወቀ ወደ ኋላ ቆጥረን ምን እንደጠጣና እንደበላ እንጠይቃለን። ቀኑ የጠፋበት ሰው በበዓል ያስታውስ። «የሚካኤል ማግስት» ቢለን 13 ብለን እንጽፋለን። «ከጁምዓ በፊት»፣ «የገበያ ዕለት ማታ» ማለትም ይበቃል። መቼም ቢሆን በሽተኛው ለጥየቃ ተብሎ አይዘገይም። መጀመሪያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥለት። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በሽተኛን የሚደብቅ ቤት አለ። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዱ ገበያው ይዘጋብናል ብሎ ይፈራል። ስም ሲጻፍ ግብር ትዝ የሚለውም አለ። በዚህ አንፈርድበትም፤ የበሽታ ደብተር ለሌላ ጉዳይ መዋል የለበትም፤ ይህን መጠበቅ የጸሐፊው ግዴታ ነው። የተደበቀ በሽተኛ ግን ሒሳቡን ያበላሻል። የሚዘጋው ምንጭ ሌላ ይሆንና መጥፎው ክፍት ይቀራል።

በአገራችን ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. ዘመቻ ሲጀመር ሠራተኞቹ ክትባት ብቻ አልያዙም። በፈንጣጣ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት «እንዲህ የሆነ ሰው አይታችኋል?» ይሉ ነበር። የሚጠየቁት ደኅና ሰዎች ናቸው። በጠቆሟቸው መንደር ሄደው በሽተኛውን ለይተው በዙሪያው ያለውን ሰው ይከትባሉ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

በራቸው ላይ ቆመው የጠየቁን እናት ቤት በሦስተኛው ቀን ተመለስን። «ውሃ ከየት ይቀዳሉ?» አልናቸው። ከላይኛው ምንጭ ነው አሉን። ጎረቤቶቻቸውም እንደዚሁ። ከወንዙ ማዶ የታመሙት ግን ከታችኛው ነበር የሚቀዱት። በመጀመሪያው ቀን ጠይቀን ጽፈነው ቢሆን፣ ታችኛውን ምንጭ ሁለት ቀን ቀድመን እናዘጋው ነበር።