ታላቅ ውሻን ከቡችላነቱ ጀምሮ ሳይጎዱ ስለ ማንሸራሸር

በላስታ ደጋ የሚኖር ገበሬ ወይፈኑን ጕልበቱ ሳይጸና ከቀንበር በታች አያውለውም፤ የበቅሎ ውርንጭላም ምንም እንኳ መልኳ ዓይን የሚማርክ ቢሆን አጥንቷ ሳይጠና ኮርቻ አይጭንባትም። ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ስለ ሆነ ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። ነገር ግን ይኸው አስተዋይ ሰው ታላቅ ዝርያ ያለውን ቡችላ በቤቱ ሲያሳድግ ይህን የታወቀ ሥርዐት ይዘነጋዋል። ቡችላው በስምንት ወሩ በቁመት ከጎልማሳ ውሻ ጋራ ሲተካከል አይቶ ጕልበቱም አብሮ የደረሰ ይመስለዋል። ከዚህ ስሕተት የሚመጣው ጉዳት የውሻውን ዕድሜ ሙሉ የሚከተል ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

በላስታ አገር ውሻ የእረኛ ባልንጀራ ነው። ቀን ከበጎች ጋራ በመስክ ይውላል፤ ሌሊት ጅብ እንዳይቀርብ በረቱን ሲጠብቅ ያድራል። ይህ የአገራችን ውሻ አካሉ መጠነኛና ቀለል ያለ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ከመንጋው ኋላ እየተከተለ ሲሻው ይሮጣል፤ ሲደክመው በጥላ ሥር ይተኛል፤ ማንም በገመድ ስቦ ከአቅሙ በላይ አያስኬደውም። ከውጭ አገር የመጡት ታላላቅ ዝርያዎች ግን፥ እነ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር፣ ላብራዶርና ግሬት ዴን፥ ክብደታቸውም አስተዳደጋቸውም ከዚህ የተለየ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን እነዚህን ውሾች ለቤት ጥበቃ ማሳደግ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ወደ ደጋው አገር ሲመጡ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻቸው ማወቅ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በላሊበላ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ከአዲስ አበባ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አስመጣ። ውሻው አምስት ወር በሞላው ጊዜ ወዳጃችን በየጥዋቱ በበቅሎው ተቀምጦ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው አቀበት ላይ ያስከትለው ጀመር። ቡችላውም ጌታውን ስለሚወድ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ እስከ ላይ ድረስ ይከተል ነበር። ያየው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጀግና ውሻ ነው!» እያለ ያደንቅ ነበር። በዘጠነኛው ወር ግን ውሻው ከተኛበት ለመነሣት ይቸገር ጀመር፤ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድነት እያነሣ እንደ ጥንቸል ይዘል ነበር። የእንስሳት ሐኪም በራጅ ባየው ጊዜ የዳሌው መገጣጠሚያ ላልቶ፥ አጥንቱም መፋቅ ጀምሮ ተገኘ። ሐኪሙም «የመገጣጠሚያው መላላት ከዘር የሚወርድ ነው፤ ነገር ግን ያለ ጊዜው የወጣው አቀበትና የወረደው ቍልቍለት አባብሶታል» ብሎ ነገረው። ወዳጃችን እጅግ አዘነ፤ ጥፋቱ ከፍቅርና ከትጋት እንጂ ከጭካኔ የመጣ አልነበረምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቡችላ ረዣዥም አጥንቶች ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ለጋ ክፍል አለ። አጥንት የሚረዝመው ከዚህ ለጋ ክፍል ነው፤ እድገቱ ሲፈጸም ክፍሉ ጠንክሮ ከቀረው አጥንት ጋራ አንድ ይሆናል። ትንንሽ ውሾች ዓመት ሳይሞላቸው ይህን ሲፈጽሙ፥ ታላላቆቹ ከ12 እስከ 18 ወር ይቈያሉ፤ እንደ ግሬት ዴን ያሉት እጅግ ግዙፎች ደግሞ እስከ 2 ዓመት ሊደርሱ ይችላሉ። የግሬት ዴን ቡችላ ሲወለድ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ጎልማሳ ሲሆን ግን ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ክብደት በጥቂት ወራት ውስጥ ባልጠነከረ አጥንት ላይ ሲጫን፥ በዚያ ላይ ዝላይና ረጅም ጕዞ ቢጨመርበት፥ ለጋው ክፍል ሊጎዳ፥ መገጣጠሚያውም ሊበላሽ እንደሚችል ማንም ሰው ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ ቡችላን አስሮ ማስቀመጥ መድኃኒት አይደለም። በኖርዌይ አገር በታላላቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገና እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ይህን ያስረዳል። ከልደታቸው እስከ ሦስት ወር ድረስ በየቀኑ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የነበሩት ቡችላዎች የዳሌ መላላት ይበዛባቸው ነበር። በዚያው ዕድሜ ከቤት ውጭ በለስላሳ መሬት ላይ ያለ ማሰሪያ እንደ ልባቸው ሲጫወቱ የነበሩት ግን በዚህ በሽታ የሚያዙት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ለቡችላው የሚጠቅመው በፈቃዱ መንቀሳቀስ ነው፤ የሚጎዳው ደረጃና ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሥርዐቱን በየዕድሜው እንናገር።

ከሁለት እስከ አራት ወር። ቡችላው በግቢው ውስጥ በሣር ላይ ይጫወት፤ ሲደክመው ይተኛ። ክትባቱ እስኪፈጸም ድረስ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ አይውረድ፤ ነገር ግን በእቅፍ ተይዞ ሰውን፣ በቅሎን፣ መኪናንና የገበያን ጩኸት ቢለማመድ በኋላ ፈሪ ወይም ተናካሽ እንዳይሆን ይረዳዋል። የአንገት ማሰሪያና ገመድንም በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ ይልመድ።

ከአራት እስከ ስምንት ወር። በገመድ ተይዞ አጭር ሽርሽር ይጀምር። ውሻ አርቢዎች ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር አምስት ደቂቃ የሚል ልማድ አላቸው፤ ይኸውም የአራት ወር ቡችላ 20 ደቂቃ፥ የስድስት ወር ቡችላ 30 ደቂቃ፥ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ይህ ልማድ እንጂ በምርመራ የጸና ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ጌታው በትጋቱ ብዛት መጠኑን እንዳያልፍ ጥሩ ልጓም ይሆነዋል። ቡችላው ወደ ኋላ መቅረት ወይም መቀመጥ ከጀመረ ደቂቃው ባይሞላም ወደ ቤት ይመለስ።

ከስምንት ወር እስከ ዓመት ተመንፈቅ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ዘመን ይህ ነው፤ ውሻው ትልቅ መስሎ ይታያልና። ሽርሽሩ እየረዘመ መሄዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከፈረስ፣ ከበቅሎ ወይም ከብስክሌት ኋላ አይሩጥ፤ አጥር አይዝለል፤ ኳስ ወደ ላይ እየወረወሩ አያዝልሉት። ከመኪና ላይ ወይም ከፍ ካለ መደብ ላይ ሲወርድ ደግፈው ያውርዱት።

ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ የእንስሳት ሐኪም አይቶት እድገቱ እንደ ተፈጸመ ሲያረጋግጥ ሩጫና ዳገት ሊጀምር ይችላል፤ እሱም በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይሁን። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ በቀን አንድ ሰዓት፥ ለሥራ የተፈጠሩት ዝርያዎችም እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ቢንቀሳቀሱ ደስ ይላቸዋል። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ታላቅ ውሻ ማርጀት ይጀምራልና፥ ሽርሽሩ አጠር ብሎ ቍጥሩ ቢበዛ ይሻላል።

አሁን ወደ ላስታ መሬት እንመለስ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ በአለት ላይ የተመሠረተ ከተማ ነው። መንገዱ በብዙ ስፍራ አቀበትና ደረጃ ነው፤ ድንጋዩም ከብዙ እግር የተነሣ የለሰለሰ ስለ ሆነ ያንሸራትታል። ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታነጹት 11 አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውሻ ማስገባት በሥርዐታችን የተከለከለ ነው፤ ምእመናን በሚመላለሱበት የዙሪያ መንገድም ቢሆን ቡችላን ይዞ አለመሄድ ያስከብራል። ለቡችላ የሚስማማው ሜዳው ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ባለቤቱን አስፈቅዶ ባዶ ማሳ ላይ፥ በሌላውም ጊዜ ሣር ባለበት ሜዳ ላይ ማንሸራሸር ይቻላል። በክረምት ጭቃው ስለሚያንሸራትት ሽርሽሩ ይጠር። በቤትም ውስጥ ወለሉ የተወለወለ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ከሆነ፥ ቡችላው የሚመላለስበት ስፍራ ላይ ሰሌን ይነጠፍለት።

አየሩም ሊታሰብ ይገባል። በላሊበላ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቈላ የመጣ ውሻ የመጀመሪያውን ሳምንት በዕረፍትና በአጭር ሽርሽር ያሳልፍ። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የቀትር ፀሐይ ብርቱ ናት፤ ውሻም ሙቀቱን የሚያወጣው እንደ ሰው በላብ ሳይሆን ይበልጡን በማለክለክ ነው። ስለዚህ ሽርሽር ከጥዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፥ ወይም ወደ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ውሃም ይያዝለት።

የምግብ ነገር ከሽርሽር ተለይቶ አይታይም። ብዙ ሰው ታላቅ ውሻ ቶሎ እንዲገዝፍ እያለ ያለ መጠን ያበላዋል፤ ይህ ግን በለጋ አጥንት ላይ ሸክም መጨመር ነው። በአሜሪካ አገር 48 የላብራዶር ውሾች ከቡችላነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠንተው ነበር። እኩሌቶቹ ከባልንጀሮቻቸው በሩብ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር፤ እነዚህም መገጣጠሚያቸው የተሻለ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል የበለጠ ኖሩ። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፥ ወገቡም ለይቶ የሚታይ ቡችላ በትክክል የተመገበ ነው። ምግቡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈል፤ ከበላም በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ታላላቅ ውሾች ጨጓራቸው ተነፍቶ የሚጠማዘዝበት በሽታ ያገኛቸዋልና፤ ሆዱ የተነፋና ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማያወጣ ውሻ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ ይሞታል።

በመጨረሻም የገመድን ነገር እናሳስባለን። ጎልማሳ ውሻ ጕልበቱ ሲጸና ጌታው ወደ ተራራ ይዞት መውጣት ይመኛል። ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ከፍታ አለው፤ በጓሳና በጅብራ መካከል ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በዓለም ያሉት ጎልማሶችም 500 አይሞሉም። በባሌ ተራሮች እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ወደዚያ ተራራ ፈጽሞ አይውጣ፤ የተከተበውም ከገመድ አይፈታ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሆነው የዚህን በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደገምለታል። ይህ የሚጠብቀው ቀበሮውን ብቻ አይደለም፤ የቤቱን ልጆችና የጎረቤቱን እረኛ ጭምር ነው። የተፈታ ታላቅ ውሻ የድኻውን በግ ቢያሳድድ የጌታው ስም ከውሻው ጋራ እንደሚነሣም አይዘንጋ።

ያ ወዳጃችን ዛሬ ሁለተኛ ቡችላ ያሳድጋል። ወደ አሸተን ማርያም ሲሄድ በቅሎውን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ቡችላው ከልጆቹ ጋራ በሜዳው ላይ ይቀራል። ፊተኛው ውሻም በሕይወት አለ፤ እያነከሰም ቢሆን በለስላሳው መስክ ላይ አጭር ሽርሽሩን ይፈጽማል። «ቡችላው ዳገቱን መቼ ይወጣል?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዓመት ተመንፈቅ ሲሞላውና ሐኪሙ ሲፈቅድ» ብሎ መለሰልን። እኛም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።