የዝሆን ጥርስ ቢቀርም ያልቀረው የፈርጥ ሥራ

በደቡብ ሕንድ በካርናታካ ግዛት በምትገኘው በማይሶር ከተማ፣ በእንጨት ላይ ፈርጥ የመክተት ጥበብ የብዙ ባለሙያዎች መተዳደሪያ ነው። ሥራው እንጨቱን መቀባት ወይም መለበጥ ሳይሆን ገጹን በጥቂቱ ቦርቡሮ፣ ሌላ ቀለም ያለውን ቁስ በልኩ ቆርጦ መሙላት ነው።

በመጀመሪያ የአበባ፣ የዝሆን ወይም የመንደር ንድፍ በወረቀት ላይ ይሣላል። እያንዳንዱ ክፍል በቀጭን መጋዝ ከተቆረጠ በኋላ፣ ቁራጮቹ ሮዝዉድ በሚባለው ጠቆር ያለ ጣውላ ላይ ተደርድረው ዙሪያቸው በሹል ብረት ይጫራል። የተጫረው ቦታ በመሮ ይቦረቦርና ቁራጮቹ በኮላ ይጣበቃሉ። ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይወለወላል። በዚህ ዓይነት በሮች፣ ጠረጴዛዎች፣ የጌጣጌጥ ሣጥኖችና የግድግዳ ሥዕሎች ይሠራሉ።

ቀደም ሲል ለነጩ ፈርጥ የሚያገለግለው የዝሆን ጥርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1912 በተሠራው የማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ የሮዝዉድ በር ይገኛል። ሆኖም ዝሆን በአደን እየተመናመነ በመሄዱ፣ የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 የአገሩን፣ በ1991 ደግሞ ከአፍሪካ የሚገባውን የዝሆን ጥርስ ንግድ በሕግ ከለከለ።

እገዳው ባለሙያዎቹን ዋና ጥሬ ዕቃቸውን ቢያሳጣቸውም ሙያቸውን አላስጣላቸውም። ነጩን በፕላስቲክ ተኩ። ከዚህም ሌላ፣ ቢጫውን ከአንዱ፣ ቀዩን ከሌላው ዛፍ እየመረጡ፣ ምንም ማቅለሚያ ሳይጨምሩ በእንጨቶች የተፈጥሮ ቀለም ሙሉ ሥዕል ማውጣትን አዳበሩ።

አሁን ያለው ችግር ግን ከፈርጡ ወደ ጣውላው ተሸጋግሯል። ሮዝዉድ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ዛፍ ነው። በዓለም ገበያ ስለተፈለገና ያለ ልክ ስለተቆረጠ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዚህ ዛፍ ወገኖች በሙሉ ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ገብተዋል።

ከዋንዛ የቤት ዕቃ የሚሠራው የአገራችን አናጢና ዋንዛውን የሚያበቅለው ገበሬም ከዚህ የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ማይሶሮች የዝሆን ጥርስን በሌላ ቁስ ለመተካት ችለዋል። የተቆረጠን ዛፍ የሚተካው ግን ችግኝ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ሲተከል ብቻ ነው።