የ18 ወሩ አዳራሽ

ሀይሌ ጋርመንት ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ጅምር ሕንፃ አለ። መሠረቱ ሲቆፈር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አሁን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ፣ እሱ ግን የባሕር ዛፍ መወጣጫውን ገና አላወለቀም። «የአንድ ባለሙያ ታሪክ ጻፉ» ስንባል ታዲያ የአፍሪካ አዳራሽን በ18 ወር ያስረከበውን ሰውዬ መረጥኩ።

ስሙ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጣሊያን፣ ፖጂቦንሲ ተወለደ፤ በ18 ዓመቱ አስመራ መጣ። እዚያ ሥራ ጀምሮ ኋላ አዲስ አበባ ገባ። «ጣሊያን ነው እንዴ? ሌላ አጣህ?» ያለኝ ጓደኛዬ አልተሳሳተም። በወረራው ዘመን ከመጡት አንዱ ነው። ግን ከነፃነት በኋላ ቆይቶ የሠራውን ከተማው እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል፤ ይህን መደበቅ ደግሞ ጋዜጠኝነት አይመስለኝም።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን አዳራሽ ያስፈልግ ነበር። ጃንሆይም ትልቅ ሕንፃ እዚህ አገር እንደሚሠራ ለዓለም ለማሳየት ፈለጉ። ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በሁለት ዓመቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። 150 ካሬ ሜትሩን ባለቀለም መስታወት የሠራው የእኛው አፈወርቅ ተክሌ ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። እኔ እስካሁን ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው፤ በግቢው አጥር በኩል ግን መቶ ጊዜ ሳላልፍ አልቀርም።

ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤትም የሜዜዲሚ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሮም ውስጥ አረፈ።

አዳራሹ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ታድሶ በጥቅምት 2017 እንደገና ተከፈተ። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ መልኩ ግን የድሮው ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያወራው ስለ ንግድ ባንክ ሕንፃ ነው፤ 209 ሜትር ገደማ፣ መስታወት በመስታወት፣ የጀርመኑ ሄን ድርጅት ንድፍ። አያምርም አልልም።

አንድ ነገር ግን አላገኘሁም። በእነዚያ 18 ወራት ሲሚንቶ ያቦካው፣ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ስም በደረስኩባቸው ጽሑፎች ውስጥ የለም። የሰፈራችንን ጅምር የሚጠብቁትን ጋሼን መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅኳቸው።

«እኔ የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር» አሉኝ።