አራቱ የአካል ህብረህዋሳት

የአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ሠላሳ ትሪሊዮን ገደማ ህዋሳት እንዳሉት ይገመታል። ህዋሳቱ እንዲሁ ተደባልቀው አይኖሩም፤ በቅርፅና በሥራ የሚመሳሰሉት ይሰባሰባሉ፣ በመካከላቸው ካለው ንጥረ ነገር ጋርም አንድ የተለየ ተግባር ይፈጽማሉ። ይህ ስብስብ ህብረህዋስ ይባላል። ልብ፣ ኩላሊት፣ ሳንባና አንጀት በመልክም በሥራም ምንም ያህል ቢራራቁ ሁሉም የተሠሩት ከአራት ዓይነት ህብረህዋሳት ነው፤ ከሸፋኝ፣ ከአያያዥ፣ ከጡንቻና ከነርቭ። በጨጓራ ብቻ አራቱም ይገኛሉ፤ ሸፋኙ ውስጡን ይለብጠዋል፣ አያያዡ ንብርብሮቹን ያስተሳስራል፣ ጡንቻው ምግቡን ያሻል፣ ነርቩ ደግሞ የመታሸቱን ፍጥነትና ጉልበት ይቆጣጠራል።

የዚህ ጥናት መሥራች ተደርጎ የሚቆጠረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣቪዬ ቢሻ ነው። የሚገርመው ማይክሮስኮፕ አለመጠቀሙ ነው፤ የዘመኑን መሣሪያ አያምነውም ነበር። በፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል አስከሬን እየከፈተ፣ ቁርጥራጩን እየቀቀለ፣ እያደረቀ፣ በአሲድ እየዘፈዘፈና እስኪበሰብስ እያቆየ አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ይመዘግብ ነበር። በዚህ መንገድ 21 ዓይነት ህብረህዋሳትን ለየ፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1800 እና በ1801 ባወጣቸው መጻሕፍት አሳተመ። በ1802 ሲሞት ገና 30 ዓመቱ ነበር። ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ዕፅዋት፣ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 እንስሳት ከህዋሳት የተገነቡ መሆናቸውን ካስረዱ በኋላ፣ ማይክሮስኮፑም እየተሻሻለ ሲሄድ፣ የቢሻ ረጅም ዝርዝር ተጠቃሎ አራት ላይ ቆመ። ዋናው ግንዛቤው ግን አላረጀም፤ በሽታ የሚመታው አንድን የአካል ክፍል በጅምላ ሳይሆን በውስጡ ያለውን አንዱን ህብረህዋስ ነው። ህዋሳቱ እርስ በርስ እንዴት እንደተቀመጡ ያወቀ ሰው ሥራቸውንም ሲጎዱ የሚገጥማቸውንም በአብዛኛው መገመት ይችላል።

ሸፋኝ ህብረህዋስ የአካልን ውጫዊ ገጽና የውስጥ ቧንቧዎችን ግድግዳ ይለብጣል። ህዋሳቱ ክፍተት ሳይተዉ ተጣብቀው የተደረደሩ ናቸው። ከሥራቸው መሠረት የሚሆናቸው እጅግ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል፤ ከበታች ካለው አያያዥ ህብረህዋስ ጋር የሚያገናኛቸው እርሱ ነው። የደም ሥር በመካከላቸው አያልፍም፤ ምግብና ኦክስጂን የሚደርሳቸው ከታች እየሰረገ ነው። ቆዳ ላይ ላዩን ብቻ ሲጫር ደም የማይወጣውም ለዚህ ነው።

የንብርብሩ ብዛትና የህዋሳቱ ቅርፅ እንደየቦታው ይለያያል። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ህዋስ ብቻ አለ፤ በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ በአብዛኛው ቦታ ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር አይበልጥም። ኦክስጂን የሚሻገረው በዚህ ቅጥነት የተነሳ ነው። በአፍና በምግብ ቧንቧ ግን ትኩስና ሸካራ ነገር ስለሚያልፍ ሽፋኑ ብዙ ረድፍ አለው፤ የላዩ ቢፋቅ የታቹ ይተካዋል። የትንፋሽ ቧንቧን የሚለብጡት ህዋሳት ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ነገሮች አሏቸው፤ እነዚህ ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ በአክታ የተያዘውን አቧራና ጀርም ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ሲጋራ ለረጅም ጊዜ ሲጨስ እነዚሁ ህዋሳት እየጠፉ በጠፍጣፋ ንብርብር ይተካሉ፤ ጠራጊ ያጣው አክታ ስለሚጠራቀም አጫሹ ጠዋት ጠዋት በሳል ያወጣዋል። የላብ፣ የምራቅና የጡት ዕጢዎችም ከዚሁ ሸፋኝ ህብረህዋስ የበቀሉ ናቸው።

ይህ ህብረህዋስ የሚደርስበትን ጉዳት የሚቋቋመው ሳይሰለች ራሱን በመተካት ነው። የቆዳ የላይኛው ንብርብር በአንድ ወር ገደማ፣ የቀጭን አንጀት ሽፋን ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። ለካንሰር የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች በፍጥነት የሚባዙ ህዋሳትን ስለሚመቱ፣ ታማሚው አፉ የሚቆስለውና ተቅማጥ የሚይዘው ጤነኛው ሽፋንም አብሮ ስለሚመታ ነው።

በአያያዥ ህብረህዋስ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ህዋሳቱ ተራርቀው ተበትነዋል፤ የህብረህዋሱን ጠባይ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ንጥረ ነገር ነው። ያ ንጥረ ነገር ፈሳሽ ሲሆን ደም፣ ጠንካራ ሲሆን አጥንት፣ ለስላሳና ተለጣጭ ሲሆን ልምአጥንት ይሆናል። ስብም ጅማትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ብዙዎቹን የሚያስተሳስራቸው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በአካል ውስጥ ካለው ፕሮቲን ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው እርሱ ነው።

ኮላጅን በደንብ እንዲጠነክር ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። በጥንት ዘመን ለወራት ደረቅ ምግብ እየበሉ የሚጓዙ መርከበኞች ድዳቸው ይደማ፣ ጥርሳቸው ይረግፍ ነበር፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ከዓመታት በፊት የዳነ ቁስላቸው ተመልሶ መከፈቱ ነበር። ጠባሳ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ኮላጅኑ በየጊዜው እየፈረሰ ይተካል፤ መተኪያው ሲጠፋ ቁስሉ ይላቀቃል። ስኮትላንዳዊው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 አሥራ ሁለት ሕሙማንን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ነበሩ።

ኮላጅን ከልክ ሲያልፍም ጉዳት አለው። ለዚህ ትራኮማ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ኢትዮጵያ በዓለም በዚህ የዓይን በሽታ እጅግ ከተጠቁ አገሮች አንዷ ናት። ባክቴሪያው የዓይን ቆብን የውስጥ ሽፋን ደጋግሞ ሲያቆስለው ስሱ ሽፋን በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት የዓይን ብሌን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ የጠባሳውን መጎተት አያስቆምም፤ መፍትሔው ቆቡን ወደ ቦታው የሚመልስ ቀዶ ሕክምና ነው።

ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ኮላጅኑ በአንድ አቅጣጫ የተገመደ ነው፤ መጎተትን በእጅጉ ይችላል፤ ነገር ግን የደም ሥሩ ጥቂት ስለሆነ ሲበጠስ ለመዳን ወራት ይፈልጋል። ልምአጥንት ጨርሶ የደም ሥርም ነርቭም የለውም። በጉልበት መጋጠሚያ ያለው ሲያልቅ የማይተካው፣ ማለቅ ሲጀምርም ሕመሙ ቶሎ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስብ ስሙ ከሚጠፋው በላይ ጠቃሚ ነው፤ ኃይል ያከማቻል፣ ሙቀት ይጠብቃል፣ ኩላሊትን ዙሪያውን ደግፎ ይይዛል።

አጥንት ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ደም የሚዘዋወርበት ሕያው ህብረህዋስ ነው። እንደ ብረትና ኮንክሪት ሁለት ነገሮች ተጣምረውበታል፤ ኮላጅኑ እንዳይሰበር፣ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድኑ እንዳይጎብጥ ያደርጉታል። የዶሮ አጥንት ለቀናት በኮምጣጤ ቢዘፈዘፍ ማዕድኑ ስለሚሟሟ ይተጣጠፋል፤ ቢቃጠል ደግሞ ኮላጅኑ ስለሚጠፋ በጣት ይፈረፈራል። አንዳንድ ህዋሳት አሮጌውን አጥንት ሲያፈርሱ ሌሎች አዲስ ይሠራሉ፤ በጎልማሳ ሰው ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ገደማ በየዓመቱ ይታደሳል። በአካል ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የሚቀመጠውም በአጥንትና በጥርስ ነው።

ይህ እድሳት የሚጠጣውን ውኃ ጠባይ ይዞ ይቀራል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ነው። በልጅነት የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ግን ፍሎራይዱ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ ጅማቶችም ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ፤ ወገብና አንገት ይደርቃሉ። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ አካባቢ ይህ ችግር በስፋት ተጠንቷል።

ደም ከአያያዦቹ መመደቡ እንግዳ ይመስላል፤ ተራርቀው በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ህዋሳት መሆናቸው ሲታሰብ ግን ቦታው ይኸው ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ በየሴኮንዱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ህዋሳት ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው 120 ቀን ያህል ያገለግላሉ።

የጡንቻ ህብረህዋስ ሥራው መኮማተር ነው። ህዋሳቱ ረዣዥም ሆነው በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ በውስጣቸው ያሉ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ ህዋሱ ያጥራል። በአጥንት ላይ የታሰረው ጡንቻ በፈቃድ ይታዘዛል። በአንጀት፣ በደም ሥር፣ በሽንት ፊኛና በማህፀን ግድግዳ ያለው ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ በዝግታ ይሠራል፤ ምጥ የዚሁ ጡንቻ ሥራ ነው። ሦስተኛው በልብ ብቻ ይገኛል። የልብ ጡንቻ ህዋሳት ተቆላልፈው አንዱ ለሌላው የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያቀብሉ ልብ በአንድነት ይመታል፤ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ።

ልብ ህዋሱን ይተካል ወይስ አይተካም የሚለው ክርክር የተፈታው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተካሄዱ የኑክሌር ሙከራዎች አየሩ ውስጥ የተበተነው ካርቦን 14 በምግብ በኩል በሰው ህዋሳት ውስጥ ገብቶ የተወለዱበትን ዘመን አትሞባቸው ነበር። በስዊድን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ምልክት ተከትለው፣ በ25 ዓመት ዕድሜ ከልብ ጡንቻ ህዋሳት በዓመት የሚተካው አንድ በመቶ ገደማ፣ በ75 ዓመት ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች መሆኑን አሳዩ። ደም ተቋርጦበት የሞተው የልብ ክፍል ጡንቻ ሆኖ ሳይሆን ጠባሳ ሆኖ የሚቀረው ከዚህ የተነሳ ነው።

የነርቭ ህብረህዋስ መልእክት ያስተላልፋል። አንጎል ብቻውን 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ህዋሳት አሉት፤ ከወገብ አጠገብ ካለው ህብለ ሰረሰር ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው የአንዱ ህዋስ ክር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። በቅባት መሰል ልባስ የተጠቀለለ ወፍራም ክር ምልክቱን በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳል። ልባስ የሌለው ቀጭን ክር ግን አንድ ሜትር ለመጓዝ አንድ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። የእግር ጣት ድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ ስለታም ሕመም፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሚጠዘጥዝ ሕመም የሚከተለው ሁለቱ ሕመሞች ፍጥነታቸው በሚለያይ ክሮች ስለሚጓዙ ነው።

ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ ክሮችን የሚያለብሱት ህዋሳት በሽቫን ስም ይጠራሉ። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ መኖሪያ የሚያደርገው እነርሱን ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም በሐንሰን ስም ተሰይሟል። በሽታው ጣትን በልቶ ይጥላል የሚለው የቆየ እምነት ስህተት ነው፤ ነርቩ ሲጎዳ ሰውየው እሳትና እሾህ አይሰማውም፤ ያልተሰማው ቁስል እያመረቀዘ ጣቱን ያሳጥረዋል። የተቆረጠ የእጅ ወይም የእግር ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ መልሶ ሊያድግ ይችላል፤ የህብለ ሰረሰር ክር ግን ይህ ዕድል የለውም ማለት ይቻላል።

ሐኪም ናሙና እንዲወሰድ ሲያዝ የሚመረመረው ህብረህዋሱ ነው። ቁራጩ በፎርማሊን ይቆያል፣ በሰም ይጠነክራል፣ ከአምስት ሺህኛ ሚሊሜትር በማይበልጥ ውፍረት ይሸነሸናል፣ ከዚያም በሁለት ቀለም ይነከራል፤ አንዱ የህዋሱን አስኳል ሰማያዊ ወይን ጠጅ፣ ሌላው የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። አብዛኛው የጎልማሶች ካንሰር የሚነሳው ከሸፋኝ ህብረህዋስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባዛውም ለጭስ፣ ለፀሐይና ለቫይረስ የሚጋለጠውም እርሱ ነውና። መርማሪው አጥብቆ የሚያየው የተለወጡት ህዋሳት ከሥራቸው ያለውን ስስ ሽፋን መጣስ አለመጣሳቸውን ነው። ካልጣሱ በላይ በኩል የደም ሥር ስለሌለ የሚሰራጩበት መንገድ አላገኙም፤ ከጣሱ ግን ወደ ደምና ወደ ሊምፍ ሥሮች ይደርሳሉ። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚፈልገው ያልጣሱትን ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የማህፀን በር በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ የተለወጠው ሽፋን በደቂቃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ለሕክምናው አመቺ ከሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እንዲሞት ይደረጋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ቦታውን አዲስ ሽፋን ይለብሰዋል።