የድረ ገጽ የመጀመሪያው መስመር

ጨርቅ ነጋዴ ጨርቁን ከደጃፉ ይሰቅላል፤ ስልክ ጠጋኝና የወፍጮ መካኒክ ግን የሚሰቅሉት ዕቃ የላቸውምና ሥራቸውን የሚያሳይላቸው ቃል ነው፡፡ ስለዚህ የድረ ገጻቸው የመጀመሪያ መስመር ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚገኙና በየትኛው ስልክ እንደሚጠሩ መናገር ይገባዋል፡፡ «ጥራት መለያችን ነው» የሚለው ቃል (ይህንስ ያላለ ማን አለ?) ለፈላጊው ምንም አይነግረውም፡፡ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የማንና ስለ ምን እንደ ሆነ በስሙ ብቻ ያስታውቃል፤ የአዲስ አበባው ራይድም 8294 የተባለውን አጭር ቁጥር ከስሙ ጋራ አስለምዷል፡፡ በሾኔ ዙሪያ ደግሞ ብዙው ገጠሬ የሚናገረው ሀዲይሳ ነው፡፡ እንግዲህ ገጹ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ወፍጮው የቆመበት ሰው የስልክ ካርዱን ጨርሶ መካኒኩን ሳያገኝ ይቀራል፤ ሰፈሩም ያለ ዱቄት ያድራል፡፡