ለትንሽ ኮምፒውተር ተሸካሚ ሰሌዳ ስለ መንደፍ

ከመዳፍ የሚያንስ፣ ነገር ግን ሙሉ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር በመጠነኛ ዋጋ መገኘት ከጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሽቦ በሽቦ እያያያዙ ይማሩበታል። ለትምህርት ይህ ይበቃል። መሣሪያው ግን ከክፍል ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ፣ በአቧራና በሙቀት መካከል፣ ማንም ሳይነካካው ለዓመታት እንዲሠራ የተፈለገ እንደ ሆነ የተንጠለጠለ ሽቦ አይታመንም። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን በላዩ የሚሸከም፣ ኃይልም የሚያቀብል፣ ከውጭ ዓለም ጋራም የሚያገናኝ አንድ ሰሌዳ ለዚያው ሥራ ተብሎ መነደፍ ይኖርበታል። ይህም ተሸካሚ ሰሌዳ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰሌዳ አነዳደፍ፣ እኛ ሦስት ተማሪዎች ከሠራነውና ካበላሸነው ተነሥተን፣ ለአንባቢ ማስረዳት ነው።

የእኛ ሥራ የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት መዝጋቢ ነበረ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዚህ በላይ ሲሞቅ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ እንደ መንጋጋ ቆልፍና እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ክትባቶች ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። የተበላሸ ክትባት በዓይን ሲታይ ከደኅናው ብዙም ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው የሚያስፈልገው ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ በየትኛው ሰዓትና ለምን ያህል ጊዜ ከወሰኑ እንደ ወጣ የሚያስረዳ መዝገብ ነው። የሰዓቱ ነገር ኋላ ብዙ ስላስቸገረን አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን።

ኮምፒውተሩን ራሱን ከመጀመሪያው ለምን አልነደፋችሁትም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በአንጎለ ኮምፒውተሩና በማስታወሻው መካከል ያሉት መስመሮች እጅግ ፈጣን ናቸው፤ ርዝመታቸው እርስ በርሱ ካልተመጣጠነ አንዱ ምልክት ከሌላው ይዘገያል፤ የሚሠራባቸውም ሰሌዳ ብዙ ንጣፍ ያለውና ውድ ነው። ይህን አስቸጋሪ ክፍል ፋብሪካው ሠርቶ በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ አድርጎ ይሸጥልናል። እኛ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የራስበሪ ፓይ ኮምፒዩት ሞዱል 4 ነው። ስፋቱ 55 በ40 ሚሊሜትር ሲሆን ከሆዱ በታች እያንዳንዳቸው 100 ፒን ያላቸው ሁለት ኮኔክተሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጀመሪያው ሞዱል እንደ ላፕቶፕ ማስታወሻ በጠርዙ የሚሰካ ነበረ፤ ልዩ ልዩ የቮልት መጠኖችም በየተራቸው እንዲቀርቡለት ይፈልግ ነበር። አዲሱ የሚጠይቀው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ 3.3 እና 1.8 ቮልቱን ከዚያ ራሱ ያወጣል።

5 ቮልት ብቻ መባሉ ግን ሊያዘናጋን አይገባም። የነዳፊው ድካም የሚበዛው በዚሁ በኃይል ጉዳይ ላይ ነው። የመብራት ኃይል በሌለበት ጤና ጣቢያ ምንጩ በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ ባለ12 ቮልት ባትሪ ይሆናል። ይህ ባትሪ 12 ቮልት ይባል እንጂ በሚሞላበት ጊዜ እስከ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ከ14.4 ወደ 5 ለማውረድ ተራውን ሬጉሌተር ብንጠቀምና ሰሌዳው 2 አምፔር ቢስብ፣ የሚቀረው 9.4 ቮልት በ2 ተባዝቶ 18.8 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ግን 10 ዋት ብቻ ነው። ይህም ማለት ከሥራው ይልቅ ማሞቂያው ይበልጣል። በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ በኮይል አማካይነት ቮልቱን የሚያወርደው መሣሪያ ግን ከመቶ 90 ያህሉን ለሥራ ስለሚያደርስ የሚባክነው 1 ዋት ያህል ነው። በፀሐይ ኃይል ለሚኖር መሣሪያ ምርጫው ግልጽ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ችሎታው ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ አገር የተሞከረ ማቀዝቀዣ እዚህ ያንኑ ያህል አይረዳም።

ቮልቱ ከወረደ በኋላ ወደ ሞዱሉ የሚሄድበት የመዳብ መስመር ወርድ ደግሞ በሒሳብ መታወቅ አለበት። በተለመደው ሰሌዳ ላይ ያለው መዳብ ውፍረቱ 35 ማይክሮሜትር ነው። በውጭው ንጣፍ ላይ 3 አምፔር ሲያልፍበት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ የበለጠ እንዳይጨምር 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ወርድ ያስፈልገዋል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን አግኝተው ያበቃሉ። ነገር ግን እንዲህ ያለው መዳብ ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ላይ ግማሽ ሚሊኦም ያህል ይቃወማል። መስመሩ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 71 ያህል አራት ማዕዘን አለበት፤ ጠቅላላው 35 ሚሊኦም፣ በ3 አምፔርም የሚጠፋው 0.1 ቮልት ነው። ለሞዱሉ የተፈቀደው ጉድለት ከ5 ቮልት ከመቶ 5፣ ማለት 0.25 ቮልት ነው። በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ከተፈቀደው ግማሽ ሊጠጋ ጠፋ ማለት ነው። መስመሩ በሙቀት ባይጎዳም ኮምፒውተሩ በድንገት ብዙ ሲስብ ቮልቱ ወርዶ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ እኛ በመስመር ፈንታ ሰፊ የመዳብ ሜዳ አደረግን፤ ካፓሲተሮችንም ከኮኔክተሩ ፒን አጠገብ አስቀመጥን። ካፓሲተር ከፒኑ ርቆ የተቀመጠ እንደ ሆነ ውኃ ከቤት ርቆ እንደ ተቀመጠ ገንቦ ነው፤ ጥም ሲመጣ አይደርስም።

ከዚህ ቀጥሎ በዲያግራም ላይ ኢምንት መስለው የሚታዩ፣ ነገር ግን ሰሌዳውን ሙት የሚያደርጉ ጥቂት ፒኖች አሉ። ከነዚህ አንዱ 78ኛው ፒን ነው። ይህ ፒን የሞዱሉ መግቢያና መውጫ መስመሮች በ3.3 ወይስ በ1.8 ቮልት ይሠሩ የሚለውን የሚወስን ስለ ሆነ ከሁለቱ ካንዱ ጋር የግድ መያያዝ አለበት፤ ባዶውን መተው ክልክል ነው። ሌላው ሞዱሉ ሲነሣ ከውስጥ ማስታወሻው ይነሣ ወይስ በዩኤስቢ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር ይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ነው። ይህን ፒን ወደ ግራውንድ የሚያወርድ ትንሽ ማገናኛ በሰሌዳው ላይ ያላስቀመጠ ሰው በሞዱሉ ላይ ባለው ኢኤምኤምሲ ማስታወሻ ላይ ፕሮግራም የሚጭንበት መንገድ ያጣል።

የአንዲት ርካሽ ሬዚስተር ጉዳይ ትልቅ ድርጅትንም እንደሚያሳስት የሚያስረዳ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል። በዚያ ዓመት የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 ኃይል የሚቀበለው በዩኤስቢ ሲ ነው። ደንቡ በሁለቱ መለያ ፒኖች ላይ ለየብቻቸው 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተር እንዲደረግ ያዛል፤ የመጀመሪያው ሰሌዳ ግን ለሁለቱ አንድ ሬዚስተር ብቻ ነበረው። በዚህም ምክንያት ኤሌክትሮኒክ ምልክት ባለባቸው ገመዶች ሲያያዝ ቻርጀሮች ሰሌዳውን የድምፅ ማዳመጫ ነው ብለው ስለሚያስቡት ኃይል አይሰጡትም ነበር። በተራ ገመድ ሲሞከር ስሕተቱ አይታይም። ኋላ በወጣው ሰሌዳ ተስተካክሏል።

ስለ ፈጣን መስመሮች ብዙ አንልም፤ መዝጋቢያችን ከነርሱ የተጠቀመው በዩኤስቢ ብቻ ነውና። ምልክቱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጓዛል፤ የዩኤስቢ ጥንድ 90 ኦም፣ የኤችዲኤምአይና የኤተርኔት 100 ኦም ኢምፔዳንስ እንዲኖራቸው የመስመሩ ወርድና ከግራውንድ ንጣፍ ያለው ርቀት ይወሰናል። ጥንዶቹ በርዝመት ከ0.15 ሚሊሜትር በላይ ባይለያዩ ይመረጣል። ምልክት በሰሌዳ ላይ በአንድ ናኖሰከንድ 15 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ ይህ ልዩነት አንድ ፒኮሰከንድ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ለዩኤስቢ ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ይመስለናል። ከዚህ ይልቅ በጥንዱ ሥር ያለው ግራውንድ እንዳይቆረጥ መጠበቅ ይበልጣል። ባለ4 ንጣፍ ሰሌዳ ያዘዝነው አንዱን ንጣፍ ሙሉውን ለግራውንድ ለመስጠት ብለን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ሞዱል 4 ኃይል ሲቋረጥበት ሰዓት የሚቆጥርበት ነገር የለውም። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሲነሣ ሰዓቱን ከዚያ ይጠይቃል፤ በሌለበት ግን ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮ ምንም ጊዜ እንዳላለፈ አድርጎ ይቀጥላል። እንግዲህ ኃይል ለ6 ሰዓት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ መዝገቡ ያንን 6 ሰዓት ጭራሹን አያውቀውም ማለት ነው። ለክትባት ጠባቂ ከዚህ የከፋ መዝገብ የለም፤ ባዶ ገጽ ይሻለዋል። ስለዚህ በተሸካሚው ሰሌዳ ላይ የራሱ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ መኖር አለበት። የዚህ ቺፕ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር የተመረጠው 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ስለሚሰጥ ነው። ስሕተቱ ከሚሊዮን 20 ከሆነ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ደግሞ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ይሆናል፤ ይህ ለሥራችን ይበቃል። ሲአር2032 የተባለችው የሳንቲም ባትሪ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ትይዛለች። ቺፑ 1 ማይክሮአምፔር ቢስብ ሒሳቡ 25 ዓመት ይሰጣል፤ ባትሪዋ ግን ከዚያ በፊት በራሷ ታረጃለች። ይህች ባትሪ የምትሞላ ዓይነት ስላይደለች ከ3.3 ቮልቱ ወደ እርስዋ ኃይል እንዳይገባ ዲዮድ መደረግ አለበት፤ ካልሆነ አብጣ ልትፈነዳ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሞዱል 5 ሰዓቱን በውስጡ ይዟል፤ ከተሸካሚው የሚፈልገው ባትሪውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳችን ሥዕል በኪካድ ተሠርቶ ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ተላከ። 5 ሰሌዳዎች ከብዙ ሳምንት በኋላ ደረሱን። ሁሉንም በየፒኑ ለካን፤ አጭር ንክኪ የለም፤ 5 ቮልቱም ትክክል ነበረ። ሞዱሉን ልንጭነው ስንል ግን አልገባም አለ። በአንድ ወገን ይገጥማል፣ በሌላው ወገን ይነሣል። ጠንከር አድርጎ መጫን ያሰበም ነበረ፤ ደግነቱ አልጫንንም፤ በፒኖቹ መካከል ያለው ርቀት 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ ቢጫን ሞዱሉ ራሱ በተሰበረ ነበር።

ምክንያቱ ኋላ ተገኘ። በተሸካሚው ላይ የሚሠራው ኮኔክተር በሁለት ቁመት ይሸጣል። አንደኛው ሞዱሉን 1.5፣ ሁለተኛው 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሞዱሉ ሆድ ላይ ዕቃዎች ስላሉ በ1.5ቱ ሲቀመጥ ከሥሩ ምንም ክፍት ቦታ አይቀርም፤ በ3ቱ ሲቀመጥ 1.5 ሚሊሜትር ይቀራል። እኛ የገዛነው አጭሩን ነው፤ ከሞዱሉ ሥርም ቦታ ለመቆጠብ ብለን ካፓሲተሮች ደርድረን ነበር። በኮምፒውተሩ ሥዕል ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ስለሚታይ ከሦስታችን አንዳችንም ቁመትን አላሰብንም። በመግለጫው ላይ ግን ተጽፎ ይገኛል። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎ ስለ ነበረ፣ የመመረቂያውም ጊዜ ተቃርቦ ስለ ነበረ፣ ሌላ ሰሌዳ ማዘዝ አልቻልንም። የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ረጅሙን ኮኔክተር አስመጥቶ አጭሩን ነቅሎ መተካት፣ ወይ ካፓሲተሮቹን መንቀል። 100 ፒን ያለውን ኮኔክተር በእጃችን ነቅለን ሰሌዳውን ሳንጎዳ እንደማንተካው ስላወቅን ሁለተኛውን መረጥን። ካፓሲተሮቹ ተነቅለው ከሞዱሉ ጠርዝ ውጭ፣ ባዶ በተተዉ ቦታዎች ላይ ተበየዱ። ርቀታቸው በመጨመሩ በ5 ቮልቱ ላይ የሚታየው መዋዠቅ በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ጨምሯል፤ ከተፈቀደው ግን አላለፈም። ከ5ቱ ሰሌዳዎች 3ቱ በዚህ ዳኑ። አንዱ በብየዳ ሙቀት ተላጠ፤ አምስተኛው ለማሳያ ተቀመጠ።

ኃይል ሲሰጠው ወዲያው ሞዱሉን መጫን እንደማይገባ ከዚያ በፊት ሰምተን ነበርና ሰሌዳውን መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ኃይል በሚበላ ሬዚስተር፣ በመጨረሻ በሞዱሉ ሞከርነው። ዩኤስቢው አልሠራ ብሎ ግማሽ ቀን ብየዳውን ስንመረምር ዋልን፤ ኋላ ግን በሞዱል 4 ላይ ዩኤስቢ ኃይል ለመቆጠብ ተዘግቶ እንደሚመጣ፣ በማስተካከያ ፋይሉም አንድ መስመር ጽፎ መክፈት እንደሚያስፈልግ አወቅን።

እስከ አሁን ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለው መዝገብ እንዳይበላሽ ኮምፒውተሩ ጥቂት ጊዜ ማግኘት አለበት። ሞዱሉ 0.5 አምፔር ሲስብ፣ ካፓሲተሩም ከ12 ወደ 7 ቮልት እስኪወርድ እንዲያገለግል ቢፈቀድ፣ ለአንድ ሰከንድ ወደ 58,000 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል፤ ይህ ከሳጥናችን ይተልቃል። ለአሥረኛው ሰከንድ ግን 6,000 ያህል ይበቃል፤ አንዲት መስመር ጽፎ ለመዝጋት ይህ ይደርሳል ብለን እናስባለን። ኃይሉ ወደ ባትሪው ተመልሶ እንዳይፈስ ከካፓሲተሩ በፊት ዲዮድ ይገባል፤ ከዲዮዱ ወዲያ ያለውን ቮልት የሚመለከት አንድ መስመርም ወደ ሞዱሉ ይሄዳል። በሁለተኛው ሰሌዳ ሥዕል ላይ ይህ ተጨምሯል፤ ኮኔክተሩም ባለ3 ሚሊሜትሩ ሆኗል።